እግሬ ሥር የነበረው ሰንሰለት

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የግራ ዳሌዬ ደግሞ የብረት ነው። በዚህ ዕድሜ መቅናት እንደማያምር አውቃለሁ። ግን ባለፈው ሰኔ በቴሳ ማክብራይድ ቀንቼ ሁለት ፈረስና ሦስት ሰው ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከሦስቱ አንዷ እኔው ራሴ ነበርኩ።

የኛ ፒክአፕ ጀርባው ላይ ጎጆ ተሸክማ ነው የምትሄደው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ያላት ጎጆ ናት፣ ካምፐር እንላታለን። በሷ ላይ ደግሞ ሁለት ፈረስ የሚይዝ ተሳቢ ከኋላ እንጎትታለን። ችግሩ ጎጆዋ ከመኪናዋ ቂጥ አንድ ሜትር ያህል ታልፋለች፤ ስለዚህ ከሥሯ በፒን የተቆለፈ ማስረዘሚያ ብረት ይወጣና ተሳቢው ጫፉ ላይ ይታሰራል። ተሳቢው ስለሚርቅ፣ መያዣው ቢነቀል እንዳያመልጥ የሚታሰረው የራሱ ሰንሰለት ከመኪናዋ ሻንሲ፣ ከሥር አጥንቷ፣ አይደርስም። ለዚያ ብለን ሁለት ቁራጭ ሰንሰለት ገዝተን ጋጣው በር ላይ ካለ ሚስማር ላይ ሰቅለናል። ሰነፍ ሰው ቁራጮቹን ይተውና ሰንሰለቱን እዚያው ማስረዘሚያው ብረት ላይ ያንጠለጥለዋል። ላየው ሰው የታሰረ ይመስላል። ማስረዘሚያው ከተነቀለ ግን ሰንሰለቱም አብሮት ነው የሚሄደው።

ጎጆዋ ከተጫነች ሾፌሩ ከኋላው ምንም አያይም። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባሌ የኦሪን ዓይን እኔ ነበርኩ። ከኋላ ቆሜ እጠራለሁ፣ እሱ መሪው ላይ ሆኖ ይመልሳል። «ኳስ?» እለዋለሁ፣ ተሳቢው የሚቀመጥበትን ማለቴ ነው። «ኳስ» ይለኛል። «ፒን?» «ፒን።» «ሰንሰለት?» «ሰንሰለት።» «መብራት?» «መብራት።» አንዱን ካልመለሰ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ወደ ኋላ ሲያስገባም «ግራ፣ ግራ፣ በቃ» የምለው እኔ ነኝ። ልጃችን ስትዳር የቢራ ብርጭቆውን አንስቶ በሰው ፊት፣ ከሊዮታ ድምፅ ሌላ የኋላ መስታወት የለኝም ብሎ ነበር። ያን ቃል የሚያህል የአንገት ሐብል እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ፈረስ ላይ ሆኖ ወይፈን በገመድ መጥለፍ በሚባለው ውድድርም ገመድ አብረን ነበር የምንወረውረው። ወይፈኑ ሲለቀቅ እኔ ቀንዱን እይዛለሁ፣ እሱ የኋላ እግሮቹን። ዳሌዬ ሲቀየር ሐኪሙ ፈረስ አበቃ አለኝ፤ ኦሪን ደግሞ ቀንድ የሚይዝለት ሰው አጣ። በዚህ መሃል ነው ቴሳ ከጎረቤት እርባታ ብቅ ያለችው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባሏን ፈታለች፣ ድምፅዋ በብርድ ጠዋት እንደሚነሳ ናፍጣ ሞተር ወፍራም ነው። የምትቀመጠው በኔ ባዝራ በፐርል ላይ ነው። ኮርቻውም የኔ ነው። እግሯ ረጅም ስለሆነ እርካቡን ሁለት ቀዳዳ አውርዳዋለች፣ እኔ አሁን ብወጣ አልደርስበትም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ መዝገብ ላይ እንደጻፈ ሰው አስታውሰዋለሁ። እኔን ወይዘሮ ሃስከል ትለኛለች፣ እሱን ኦሪን። ልታወራው ስትፈልግ ጠጋ ብላ ቀኝ ጆሮው ሥር ትገባለች፣ እሱም ይስቃል። እኔ ሳወራው እም ይለኛል፣ ወይ ደግሞ ያልጠየቅሁትን ይመልሳል። በሚያዝያ ወር በሁለት ማክሰኞዎች የፈረስ መኖ እንገዛለን ብለው ካስፐር ከተማ ሄዱ፣ አንድ ጆንያ ሳይዙ ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት ተሳቢውን የምታሳይ ካሜራ ከጎጆዋ ጀርባ ተለጠፈች፣ ትንሽዬ ስክሪን ደግሞ መሪው አጠገብ። ይሄ ምን ያደርጋል፣ እኔ የት ሄጄ ነው ብዬ ጠየቅሁት። አዎ፣ ጎበዝ ናት፣ ቴሳ ናት የገጠመችው አለኝ።  ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ጠርጥሬም አልዳንኩም።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ዳግላስ ከተማ የገመድ ውድድር ነበር። ብስኩት ጋግሬ፣ ነጭ የቋሊማ መረቅ ሠርቼ፣ ቡናውን ፔርሙዝ ሞልቼ ብወጣ ተሳቢው ታስሮ አልቋል። በስክሪኗ እያዩ ለሁለት አገናኝተውታል። የማንም ድምፅ አላስፈለገም። ቀና ስል ሁለቱ ቁራጭ ሰንሰለቶች ሚስማራቸው ላይ ተሰቅለው አየኋቸው።

ኦሪን ጀርባውን ሰጥቶኝ የተሳቢውን በር ይቀረቅራል። ሰንሰለቱ እኮ ሚስማሩ ላይ ነው አልኩት። ዞር አላለም። ደግሜ ስሙን ጠራሁት፣ በዚያው በወዲያኛው በኩል ዞሮ ሄደ። ቴሳ ፐርልን አስራ ከውስጥ ወጣችና ጆሮው ሥር የሆነ ነገር አለችው። ተሳሳቁ።

ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሌላ ሰው ነው ያደረገው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ። ሰንሰለቶቹን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ በጃኬቴ ጠቀለልኳቸው፣ የኋላ ወንበር ሥር አስቀመጥኳቸው። ዳግላስ ስንደርስ፣ ገመደኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ለቴሳ በእጇ ልሰጣት ነው። «የኔ እመቤት፣ ይቺን ረስተሽ ነው የመጣሽው» እላታለሁ። መጀመሪያ «የኔ ቆንጆ» ነበር ያልኩት፣ በኋላ እመቤት ይሻላል አልኩ። ማስረዘሚያው በደንብ ከተያዘ ሰንሰለት ባይኖርም ተሳቢው ንቅንቅ አይልም፣ ሰንሰለት ለክፉ ቀን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጎንበስ ብዬ ማስረዘሚያውን የያዘውን ፒን ግን አላየሁትም። ሳላየው የሄድኩበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ልገባ ስል ቴሳ ፊት ተቀምጣለች።

«ስክሪኑን ላይለት ብዬ ነው ወይዘሮ ሃስከል፣ ቅር ይልዎታል?»

ምን ቅር ይለኛል አልኳትና በገዛ መኪናዬ ከኋላ ገባሁ። ሰንሰለቱ እግሬ ሥር ቀዘቀዘኝ።

ከኛ ቤት እስከ አስፋልቱ አሥራ አራት ማይል ጠጠር መንገድ ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬን እያሰማመርኩ ነበር የሄድኩት። ቴሳ ወደ ኦሪን ጆሮ ጠጋ ስትል የጫማዬን ጫፍ ሰንሰለቱ ላይ እጭናለሁ፣ እሱም ቀስ ብሎ ይንቃጨላል። ይሄ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ከብት እንዳይሻገር መንገዱ ላይ የተጋደሙት የብረት ዘንጎች ጋ ደረስን። ተሳቢያችን እነሱን ሲያልፍ ምን እንደሚል እንደ ባሌ ማንኮራፋት አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሁለቴ ነው ያለው። አንዴ ከኛ ጋር፣ አንዴ ዘግይቶ፤ ማስረዘሚያው ላልቷል ማለት ነው።

ከፊታችን የቀይ አፈር ቁልቁለት አለ። ታች መንገዱ ይታጠፋል፣ ከታጠፈው በታች ወንዝ ነው። ቡመር፣ የኦሪን ሰንጋ ፈረስ፣ ከባድ ስለሆነ በግራ ነው የቆመው፤ ፐርል በቀኝ፣ በወንዙ በኩል። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በጡጦ ያሳደግኳት ናት። ቴሳን ማዋረድ ፈልጌ ፐርልን ልሰጥ ነው እንዴ አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

«ኦሪን፣ አቁም» አልኩ።

ያንጎራጉራል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አቁም አልኩት። ማርሹን ቀየረና የቁልቁለቱን አፋፍ ያዘ። በዚህ ጊዜ ቀረሽ የማይባል ጩኸት ጮህኩ። ቴሳ ዘወር ብላ ፊቴን አየች። ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ኦሪን፣ ዳር ያዝ።»

ወዲያው ዳር ያዘ። እኔ ሦስቴ ጮኼ ያላቆምኩትን እሷ በአንድ መዳፍ አቆመችው። ከሞት አፋፍ ላይ ቆሜም ቅናቴ አልተወኝም፤ በመጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ነው።

ጃኬቴን ታቅፌ እያነከስኩ ወረድኩ። ማስረዘሚያው ከተሰካበት አንድ ስንዝር ተስቦ ወጥቷል። የፒኑ መቆለፊያ የለም፣ ፒኑም በጥፍር ታክል ነው የተንጠለጠለው። ሁለቱም የተሳቢው ሰንሰለቶች እዚያው ማስረዘሚያው ላይ ተጠልፈዋል። ፐርል ውስጥ ሆና በእግሯ ወለሉን መታች፣ ብረቱ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁት።

ቴሳ አየችና ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ነኝ ያሰርኩት አለች፤ ሰንሰለቱ አልደርስ ሲላት እዚያው አንጠልጥላዋለች፣ ቁራጭ እንዳለው ማንም አልነገራትም። ኦሪን የተሳቢውን ጎማ በድንጋይ አስደገፈ፣ ከዚያ ዞሮ ጃኬቴን ስፈታ አየኝ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«እግሬ ሥር ነበር። ከሚስማሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለነበር ሰማኝ።

«አይተሽ ነበር?»

«አይቼም ነግሬህም ነበር። ጀርባህን ሰጠኸኝ።»

«መቼ?» አለኝ። የምሩን ነው። ያ ቃል ከስድብ በላይ አናደደኝ። አፌን ስከፍት ቴሳ ከተቀመጠችበት ቀደመችኝ።

«ንገራት ኦሪን። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ኦሪን ባርኔጣውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያንና ቀብር ላይ ነው።

«አልሰማሁሽም ሊዮታ። ካስፐር የሄድነው ለጆሮዬ ነው። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው አለኝ ሐኪሙ። ወፎቹ ሄዱ፣ የስልኩ ጥሪ ሄደ» አለና ባርኔጣውን አገላበጠ። «ከዚያ አንቺ።»

«የሷ ይሰማሃል» አልኩት።

«የሷ ወፍራም ነው። በቀኝ በኩል ከሆነች ይሰማኛል። ያንቺ ከኋላ ሲመጣ ነፋስ ነው የሚመስለኝ።»

ለምን ደበቅኸኝ አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በድምፅሽ ነድቼ፣ ድምፅሽ ጠፋብኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልንገርሽ አለኝ። ካሜራዋን ያስገጠመው ወደ ኋላ ሲነዳ የምለው ስለማይሰማው ነበር፣ ቴሳንም እንዳትናገር በልጆቿ አስምሏታል።

ከሴት ጋር ለመጣላት ነበር የተዘጋጀሁት። ለሴት የሚሆን ስድብ ሞልቶኛል። ጆሮን ምን ብለው ይሰድቡታል? መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ለሱ ይሁን ለራሴ እስካሁን አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ ከሁሉ የቆረጠኝ መስማት አለመቻሉ አልነበረም። የሷ እየተሰማው የኔ መጥፋቱ ነበር። ዛሬም ይቆርጠኛል።

ቆየት ብሎ ዞረና፣ ፈረሶቹ ውስጥ እያሉ ዝም አልሽ አለኝ። አዎ አልኩት።  ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኛ የሁለታችን ዝምታ ግን ነቅዞ እዚህ አድርሶን ነበር።

ፈረሶቹን አውርደን፣ ማስረዘሚያውን መልሰን አስገብተን፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሌላ ፒን ከነመቆለፊያው ከተትን። ቁራጭ ሰንሰለቶቹን አመሳቅዬ ከሻንሲው ጋር ያያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ ቴሳ አጠገቤ ተንበርክካ እጄን እጄን ታያለች። ፈረሶቹን መልሰን ስንጭን ማንም ሳይነግራት የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ገባች። ሳታየኝ እርካቡን ልመልስልዎ ወይ አለችኝ፤ ተይው፣ እኔ ከእንግዲህ አልወጣበትም አልኳት።

ኦሪን መሪው ላይ ወጣ። እኔ እንደ ድሮዬ ከኋላ ሄጄ ቆምኩ፣ አፌንም ከፈትኩ፣ ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ከመሣሪያ ሳጥኑ መዶሻውን አነሳሁና ማስረዘሚያውን አንዴ መታሁት።  ብረቱ ወንበሩን ሲነዝረው ገብቶታል መሰለኝ፣ ከፊት ድምፁ መጣ።

«ኳስ።»

ሁለቴ መታሁ።

«ፒን።»

ሦስቴ መታሁ። መልስ የለም። ጠበቅሁና ደግሜ ሦስቴ መታሁ። የሾፌሩ በር ተከፈተ። ኦሪን ወርዶ እስከ ኋላ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን በእጁ ያዘ፣ ከሻንሲው ጋር የተያያዘበትን ሁለቱንም ቦታ ጎተት ጎተት አደረገ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰንሰለት ብዬው ወርዶ ያየበት ቀን አልነበረም። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን እያየ «ሰንሰለት» አለኝ። ተመልሶ ወደ መሪው ሄደ።

አልተቀየምኩትም። መዶሻውን አነሳሁና አራቴ መታሁ።