የቀንበሩ ሌላኛው ጫፍ

ይስማው ቃሉን የሰጠኝ እየሳቀ ነበር። ባሌ ካረፈ ወዲህ መሬቴን የሚያርሰው እሱ ነው፤ ምርቱንም እኩል እንካፈላለን። ዘንድሮ አንዱ በሬው ሞተበት። እኔ ደግሞ በጥር ከንፋስ መውጫ ገበያ ግንባሩ ነጭ የሆነ ወይፈን ገዛሁ፤ ቦራ አልኩት።

«መቀናጆ እንሁን» አልኩት ይስማውን። «የእኔ በሬ ካንተ በሬ ጋር ተጠምዶ የሁለታችንንም ይረስ፤ ገብሴ ግን ሙሉውን የእኔ ይሁን።»

«ይሁን። ሰኔ ሲገባ ወይፈንሽ ካረሰ ነው ታዲያ! ካላረሰ እንደ ድሮው እኩል።»

ቦራን የማለማምድበት በሬ አልነበረኝም። የይስማውን ብጠይቀው «በሬዬን አታበላሺብኝ» አለኝ። በገንኩ። በማግስቱ ማለዳ የቀንበሩን አንድ ጫፍ ቦራ ጫንቃ ላይ ጫንኩና በሌላኛው ጫፍ ራሴ ገባሁበት። ከኋላችን ግንድ አስሬ መጎተት ጀመርን። ቦራ መጀመሪያ ተኛ፤ ቀጥሎ እኔን ጣለኝ። ልጄ ሀና በስልኳ ልትቀርጸን ብላ ሳቋ አላስቀርጽ አላት። እኔ አቧራዬን አራግፌ በማግስቱም ተመለስኩ። ጾሙ ገብቶ እስኪፈታ ማለዳ ማለዳ ግንዳችንን ጎተትን።

ግንቦት ላይ ይስማው በሬውን ይዞ ሊሞክር መጣ። ያኔ ጉዴ ፈላ። እኔ ሁልጊዜ በግራ ስለምገባ ቦራ የሚያውቀው ቀኙን ብቻ ነው። የይስማው በሬም ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ ተጠምዶ የኖረ ነው። ሁለቱ ለአንድ ቦታ ተጋፉ፤ ይስማው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

«ሁለት ቀኝ! እቴ ማንጠግቦሽ፣ ይሄን ሽጪና ተገላገይ።»

አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ግን ሰኔ ገና አልገባም፤ ትከሻም ያለኝ ሁለት ነው። በማግስቱ ቦራን በግራ አቆምኩና በቀኝ ገባሁ። እንደገና ተኛ፤ እንደገና አስነሳሁት።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጥል ቦራ ከይስማው በሬ በስተግራ ተጠመደና ሄደ። ትልሙ ቀጥ ብሎ ወጣ። እኔ ዳር ቆሜ እልል አልኩ፤ ደስታዬ ገብሱን አጭጄ የከተትኩ ያህል ነበር። ይስማውም «በይ፣ ገብሱ ያንቺ ነው» አለ።

እኩለ ቀን ላይ ግን የይስማው ሽማግሌ በሬ ደከመውና ጭቃው ላይ ተኛ። ቢለምነው፣ ቢቆጣው አልነሳ አለ። ቦራ ቆሞ ይጠብቃል።

«ምን ይሻላል?» አለኝ ይስማው።

ቀንበሩን ከተኛው በሬ ላይ ፈታሁና ባዶውን ጫፍ ወደ ይስማው አዞርኩለት።

«ግባበታ! አይዞህ፣ ቦራ ለጀማሪ ትዕግሥት አለው።»