ማይኩ ያልተዘጋበት ቀን

«ልጅሽ ሬዲዮ ይሠራል ሲሉ ነው የምሰማው፤ ለመሆኑ የቱ ነበር የእሱ ድምፅ?» አለች ለለቅሶ ከሙጃ የመጣችው ዘመድ።

ውባንተ ቀና ብላ አየቻት። ልጇ ደሳለ ትኩሳት ያዘኝ ብሎ ከተኛበት አልተነሳም፤ ነገ ሰልስቱ ነው። ድንኳኑን የሞላው ለቀስተኛ የሚያውቀው የየትናየትን ድምፅ ነው። የትናየት የከሰዓቱን የሙዚቃ ፕሮግራም የምታቀርበው ልጅ ናት፤ ላሊበላ ውስጥ ባጃጅ ስትሳፈር እንኳ በድምጿ ይለይዋታል። ደሳለ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ነበር። ዘፈኑን የሚያዘጋጀው፣ ድምፁን የሚያስተካክለው፣ «አሁን ተናገሪ» ብሎ በጣቱ ምልክት የሚሰጣት እሱ ነው። መቅረጫውን ተሸክሞ በየሠርጉ እየዞረ ይቀዳል፤ ሲመለስ ደግሞ የውሻውን ጩኸትና የነፋሱን ሽውታ ከዘፈኑ ውስጥ ሲለቅም ይውላል። ታዲያ ይህን ሁሉ ለሙጃዋ ሴትዮ ከየት ጀምሮ ማስረዳት ይቻላል?

«ድምፁ አይሰማም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከኋላ ነበር የሚሠራው።»

«እንዲያው ዘበኛ ነበር በይኛ!»

ሴትዮዋ ክፋት የለባትም፤ ምላሷ ይቀድማታል እንጂ። ውባንተ ግን አንገቷን ደፋች።

እሷም ብትሆን ስንት ጊዜ ነዝንዛዋለች። «አንድ ቀን እንኳ ደህና ዋላችሁ በል እንጂ፣ ጎረቤት ይስማህ!» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። «እምዬ፣ የእኔ ድምፅ ከተሰማ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።»

አንድ ቀን ታዲያ ተበላሸ። አምና ዘፈን እየሄደ ሳለ ማይኩን መዝጋት ረስቶ ከየትናየት ጋር ወሬ ያዘ፤ ወሬው እንዳለ አየር ላይ ወጣ። አለቃው ተቆጣ፣ ከተማው ሳቀ። ውባንተ ያን ቀን እሱ ሥራ ከገባ በኋላ ወንድሟ ዘንድ ለገብስ አጨዳ ሄዳ ነበር። ጎረቤቶቿ «ልጅሽ ተናገረ!» ቢሏትም ዘፈኑ ሸፍኖባቸው ምን እንዳለ አልለዩትም። ደሳለን ስትጠይቀው አፍሮ «እርሺው እምዬ» አላት። አሁን ያ እንደ እሳት ያንገበግባታል። ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ፣ ጃኬቱ በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ድምፁ ግን ገና ከወዲሁ ከጆሮዋ እየሸሸ ነው።

የትናየት ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጣ የሴትዮዋን ነገር ሰምታለች። ተነሥታ መጣችና ከውባንተ አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ ውባንተ፣ ያ ቀን ተቀድቷል። ከጣቢያው ኮምፒውተር ፈልጌ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ከዘፈኑ ጋር ነው ያለው፤ ያውም የሠርግ ዘፈን። ለየብቻ ላደርገው ብሞክር አቃተኝ። እንዲህ ያለውን የሚችለው እሱ ነበር።»

ውባንተ ዙሪያዋን አየች። ለቅሶ ቤት ዘፈን! ጎረቤት እንኳ ለእሷ ሲል ሬዲዮውን ዘግቷል። በልጇ ኀዘን ዘፈን ከፈተች ቢሏት በምን አፏ ትመልሳለች? ድምፁን ሳትሰማ መቅረቱን ግን አልቻለችውም። ድንኳኑ ጥግ ወደተቀመጡት ነፍስ አባቷ ወደ አባ ገብረ ሊባኖስ ሄደችና በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«በኀዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም» አሉ አባ። ከዚያ ፊቷን አዩት። «ልጅሽን ግን ስሚ። እሱ ተናግሮ ሲያበቃ ይዘጋ።»

ሁለቱ ሴቶች ጓዳ ገቡ። የትናየት ስልኩን ከፈተችው። ማሲንቆው ጀመረ፣ እልልታ ተሰማ፣ ከዚያ በዘፈኑ መሀል ደሳለ መጣ።

«ይሄን ዘፈን እናቴ ትወደዋለች፣ የትናየት። አሁን ሬዲዮዋን ይዛ በር ላይ ተቀምጣ ይሆናል። ጆሮዋ ደግሞ ደከም ብሏል። ቆይማ፣ ትንሽ ከፍ ላድርግላት።»

ይኸው ነበር። ውባንተ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። የትናየት እንደተባለችው ልትዘጋው አውራ ጣቷን ዘረጋች። ይሄኔ ደሳለ እንዳለው ዘፈኑ ከፍ አለ። ጓዳውን አልፎ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ፤ የለቀስተኛው ወሬ ቀጥ አለ።

ውባንተ የልጅቷን ጣት ያዘች።

«ተይው» አለች፤ «ይሄም እሱ ነው።»

ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ጣቷን አልለቀቀችም።