ከምሰሶ ጀርባ ያለው ወንበር

ዴልማር ቮንድራ የአሜሪካዋን ነብራስካ ግዛት ስምንት ዓመት በአገረ ገዢነት አስተዳደረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእኔ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር፣ በቃለ መሐላው ቀን ከምሰሶ ጀርባ ወንበር መስጠቱ ነው። ድምፁን ሰማሁ፤ ፊቱን አላየሁም። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊደል የቆጠርን ሰዎች ነን እኮ! እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፣ እሱ ቀጠለ።

ወግ አጥባቂ ነበር፤ ለመንግሥት ገንዘብ ይሳሳል። ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ባዶ ቢሮ ውስጥ መብራት በርቶ ካየ ራሱ ገብቶ ያጠፋል። ወደ እርሻዬ የሚያስገባው የጭቃ መንገድ ጠጠር እንዲለብስ ለወረዳው አንድ ቃል ጣል እንዲያደርግልኝ ብለምነው፣ «ላይል፣» አለኝ ስሜን ጠርቶ፣ «ለጓደኛው አደላ ይሉኛል።» ለማያውቀው ሰው ቢሆን ይናገር ነበር።

ሥልጣኑን ለቅቆ ወደ እርሻው በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጎተራ ጣሪያ ወድቄ ዳሌዬ ተሰበረ። ሐምሌ ገባ፤ ስንዴው ደረሰ። አንድ ጠዋት ሬዲዮው ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጥላል አለ። ያ ስንዴ ከረገፈ እርሻዬ ለዕዳ ይሸጣል።

በእኛ አገር ጎረቤት ሲወድቅ ማንም ጥሪ አይጠብቅም፤ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነሩን አስነስቶ ይመጣል። ያን ጠዋት አምስት መጡ። የሰሞኑ ዝናብ ከስንዴው ላይ ደርቋል፣ ከመንገዱ ላይ ግን አልደረቀም። ከፊት የነበረው የዴልማር አሮጌ ኮምባይነር ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ግራና ቀኙ ቦይ ነው፤ አራቱ ከኋላው ተገትረው ቀሩ።

ባለቤቴ አርሊን ትራክተሩን አስነሳች። እኔ የመጎተቻውን ሰንሰለት ትከሻዬ ላይ ጥዬ በምርኩዝ ተከተልኳት። ዴልማር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

«ክቡር አገረ ገዢ፣ መንገዱን እንዴት አገኙት?» አልኩት።

«ሰንሰለቱን አቀብለኝ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«መጀመሪያ፣ ጠጠር ያስፈልገው ነበር በል።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። በምዕራብ በኩል ጠቁሯል።

«ላይል፣ በረዶው መጣ እኮ።»

«በል!»

«እናንተ ጅሎች!» አርሊን ከትራክተሩ ላይ ጮኸች። «ስንዴው ሊረግፍ ነው!»

«እሺ፣ ያስፈልገው ነበር» አለ ዴልማር። «ዛሬም ብትለምነኝ ግን አልናገርልህም።»

እንደማይናገርልኝማ አውቃለሁ። ሰንሰለቱን ወረወርኩለት።

ኮምባይነሩን ጎትተን አወጣን፤ አምስቱም ገብተው አጨዱ። በረዶው ሲወርድ ማሳው ላይ ያገኘው ገለባ ብቻ ነበር።

እራት በረንዳዬ ላይ በላን። ዴልማር መቀመጫ ሲፈልግ ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ወንበር ጠቆምኩት። ምሰሶውን አየ፣ እኔን አየ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ቂሙን ይዘኸው ነበር?»

«አሥር» አልኩት፤ ትልቁን ሥጋም ሳህኑ ላይ ጣልኩለት።