የድሮው ፓስወርድ

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ አንድ ልማድ ነበራት። የሚያስተምር መጽሐፍ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ልምምድ በገዛ እጇ ሳትሠራ መደርደሪያ ላይ አታወጣውም። የልብስ ስፌቱን ስትመርጥ ደህና ቀሚሷን አበላሽታለች፤ የአናጺነቱን ስትመርጥ አውራ ጣቷን። አሁን ደግሞ አለቃዋ ሦስት መጻሕፍት ጠረጴዛዋ ላይ ቆለለባት፤ ስለ ኮምፒውተር ጠለፋና ስለ ኔትወርክ ጥበቃ፣ ለጀማሪዎች።

"እስቲ አንዱን ምረጪልን" ብሏት ሄደ።

"ሌባ ልታሠለጥኚ ነው እንዴ እትዬ?" አላት ዘበኛው ከበሩ ሆኖ።

"አንተ በሩን ጠብቅ፤ እኔ መስኮቱን ልማር።"

ቀለደች እንጂ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። አንዲት ልጇ ሩቅ ከተማ የአንድ ድርጅት ኔትወርክ ጠባቂ ናት። ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ስትደውል እናት "ሥራ እንዴት ነው?" ትላለች፣ ልጅ "ደህና ነው" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ እናት የምትጠይቀው ይጠፋታል። የሥራውን ቋንቋ አታውቀውማ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በሳምንት ውስጥ የማንንም ኮምፒውተር ሰብረህ ትገባለህ እያለ ይፎክራል። መቅድሙ ላይ ከደነችው። ሁለተኛውን አዋቂ ነው የጻፈው፤ ግን ራውተር ምን እንደሆነ ሳይናገር የሆድ ዕቃውን ይዘረግፋል። ሦስተኛው እጅ ይዞ ቀስ ብሎ የሚወስድ ሆነ። የሰው ቤት አትንካ፣ ከራስህ ቤት ጀምር ይላል። የመጀመሪያው ልምምድ፦ የዋይፋይህን የድሮ ፓስወርድ ቀይር።

እዚህ ላይ እጇ ተያዘ።

ፓስወርዱን ያወጣችው ልጇ ናት፣ በምትሄድበት ሰሞን። እናት ደግሞ ለማንም የማትነግረው አንድ ሐሳብ አላት፤ ልጄ የመጣች ቀን፣ ገና ሳታንኳኳ፣ ስልኳ ከደጅ ሆኖ በዚያው ፓስወርድ ቤቱን ያውቀዋል፤ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። ታዲያ ይህን ቀይራ ልጇን ደጅ ታስቀር?

አለቃዋ "የትኛው ሆነ?" ሲላት "እያየሁ ነው" እያለች ሰነበተች። ሳይሠሩት ማውጣት ደግሞ አይሆንላትም።

እሑድ ከሰዓት ቀየረችው። ወዲያው ደወለች።

"ፓስወርዱን ቀየርኩት" አለች፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

"አንቺ? ማን አሳየሽ?"

"መጽሐፍ።"

ልጅቷ ሳቀች። "ጎሽ የኔ ጠላፊ። እዚህ ስንቱን አለቃ ለምኜ እምቢ ያለኝን።"

"ያንቺ ነበር እኮ። አልከፋሽም?"

"ምን ይከፋኛል እማዬ፣ አርጅቶ ነበር።"

"በይ አዲሱን ልጻፍልሽ፣ ስልክሽ ቤቱን እንዳይረሳ።"

"ኧረ እንዳትጽፊው። በስልክም አትንገሪኝ። መጽሐፍሽ አላለም እንዴ? ስመጣ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ።"

እናት "መቼ?" ልትል ብላ ከአፏ መለሰችው።

"እስከዚያ እንዳትረሺው ብቻ" አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ።

ሰኞ ጠዋት ሦስተኛው መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ወጣ። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ምን እያነበነብሽ ነው እትዬ?"

"ለአንተ አይነገርም" አለችውና፣ እየደጋገመችው ገባች።