ሳይቀመጥ «ተቀምጧል»

እኔ ግትር ነኝ፤ ይህን ቤተሰቤም መሥሪያ ቤቴም ያውቀዋል። ኮምፒውተር «ተቀምጧል» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ዲስክ ላይ ተቀምጦ መገኘት አለበት ባይ ነኝ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። የራጅ ምስሎች የሚቀመጡበትን ፋይል ሲስተም የነደፍኩት እኔ ነኝ። እንደ ብዙዎቹ ከርነል በሚባለው በኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ አይኖርም፤ ከውጭ ሆኖ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ቢበላሽ ብቻውን ይወድቃል እንጂ ማሽኑን ይዞ አይወድቅም። ጣጣው ዝግታው ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ ከርነሉ ዘንድ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ እኔ ፕሮግራም ይወጣል፣ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ሰውን ጨው ግዛ ብሎ ሱቅ ልኮ፣ ሲመለስ ደግሞ ሽንኩርት ረስቼ ነበር እንደ ማለት ነው።

ራጅ የምታነሳው አክስቴ ናት፤ እቴቴ ነው የምላት። የራጅ ማሽኗ ማከማቻ ጠባብ ስለሆነ፣ «ተቀምጧል» የሚለውን እንዳየች ምስሉን ከማሽኑ ታጠፋና ቀጣዩን በሽተኛ ትጠራለች። ጽሑፉ እስኪመጣ ስትጠብቅ ኮሪደሩ በሰው ይሞላል። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ለእኔ ትንፍሽ ሳትል አለቃችን ዘንድ ሄዳ ከሰሰችኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ የሥጋ ዘመድ። አለቃችንም «እስከ ሐሙስ ካልፈጠነ ነቅለን ከውጭ እንገዛለን» አሉኝ። የስንት ዓመት ልፋቴ እንደ አሮጌ ወንበር ሊጣል።

ቁጭ ብዬ ሠራሁ። በትንሽ በትንሹ ተቆራርጦ ይመጣ የነበረው ምስል ተሰብስቦ በትልቁ እንዲመጣ አደረግሁ። ከርነሉ የፋይሉን መጠንና ቀን እየደጋገመ እንዳይጠይቀኝ፣ አንዴ የነገርኩትን እንዲያስታውስ ፈቀድኩለት። ግማሽ በግማሽ ፈጠነ። የቀረው ዲስኩ ራሱ ጽፎ እስኪጨርስ መጠበቅ ነበር፤ እሱን መዝለል ደግሞ አይሆንም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን ይሆናል አለ። ቀልጣፋ ስለሆነ ጥይቱ ነው የምንለው።

«መጀመሪያ ‹ተቀምጧል› እንበል፤ ምስሉን ሲመቸን ዲስኩ ላይ እንጽፈዋለን።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ኧረ አታሟርቺ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ ወሬውን ዘጋሁት።

ሐሙስ ጠዋት አለቃችን ራጅ ክፍል መጡ። ለሙከራ ብለን ውሃ የሞላ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። እቴቴ ራጅ አነሳችው፤ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ «ተቀምጧል» የሚለው መጣ። እኔ ጥይቱን አየሁት፣ እሱ ጣሪያውን ያያል። እምቢ ያልኩትን ነገር ደብቆ አስገብቶታል።

«በሉ እንግዲህ፣ አንነቅለውም» አሉ አለቃችን።

ዝም ብል ሥራዬ ይተርፍልኝ ነበር። ግን አለቃችንንና ጥይቱን ይዤ ምስሎቹን የሚያከማቸው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ወዳለበት ጎረቤት ክፍል ገባሁና የተደረገውን ተናገርኩ።

«ሲዘገይ አቃተሽ፣ ሲፈጥን ደግሞ ጠላሽ?» አሉኝ።

«መብራት ቢጠፋ የሚሆነውን ይዩት» አልኩና የሰርቨሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

መልሼ ስሰካው ሰርቨሩ ተነሳ። የጠርሙሱን ምስል ከፈትኩ። ደህና ነው፤ እኛ ስንጨቃጨቅ ተጽፎ አልቋል። ጥይቱ «አየሽ?» አለኝ። እኔ ግን ከጠርሙሱ ሥር ሌላ ስም አየሁ፤ የሰው ስም። መጠኑ ዜሮ ነው፤ ውስጡ ምንም አልተጻፈም።

እኛ ስንወጣ እቴቴ ፍጥነቱ ደስ ብሏት በሽተኛ አስገብታ ኖሯል። እኔ ይህን ሳላጣራ ነው የነቀልኩት። ሮጬ ሄድኩ።

«ከማሽኑ አጥፍተሽዋል?»

«ተቀምጧል አለኝ እኮ» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

አለቃችን ከኋላዬ ደርሰው ሰምተዋል። «የእሱም ዘዴ ይውጣ፣ ያንቺም ሲስተም ይነቀል። ከውጭ እንገዛለን» አሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እሟገት ነበር። ያን ጊዜ አልታየኝም፤ ኮሪደሩን ነበር የማየው።

አንዲት አሮጊት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መውጫው በር ጋ ሊደርሱ ነው። ከወደቁ ጀምሮ ዳሌያቸው አላስኬድ ብሏቸዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ያወጧቸው እቴቴና ልጃቸው ተጋግዘው ነው፤ ሲጋደሙ ማቃሰታቸው ግድግዳውን አልፎ ተሰምቶን ነበር፤ በክርክሩ መሐል ግን ማንም ልብ አላለውም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጊዜ እንደገና መግባት ሊኖርብዎት ነው።»

ቆም ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ምነው ልጄ፣ ቅድም አልቋል አላላችሁኝም?»

ብለናቸዋል። እቴቴ መጥታ በአንድ በኩል ያዘቻቸው፣ እኔ በሌላው፤ ቀስ እያልን መለስናቸው።