የግራጫዋ ዘጠኝ ልጆች

ከፋለ ሰኞ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ጓሮ ባለው ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ የጥንቸል ልጆች ነበሩ። አምስቱን ግራጫዋ ጥንቸል ራሷ ወልዳቸዋለች፤ አራቱ እናታቸው በወሊድ የሞተችባቸው ናቸው፣ ከፋለ እሑድ ዕለት ወስዶ የቀላቀላቸው። ግራጫዋ ከደረቷ ነጭታ ባነጠፈችው ፀጉር ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ የዘጠኙም ሆድ ተወጥሯል። ይህን ሁሉ ጫማውን እያሰረ ለሚስቱ ለዘቢብ ነገራት። «ተቀበለቻቸው እኮ!» አላት፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ማክሰኞ ተቀበረ። ረቡዕ ዘቢብ ሳሎን መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ባሏ የሞተባት ሴት በነዚህ ቀናት ከፍራሹ አትነሳም። ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ታለቅሳለች፣ ሰውየው ቦታ ሲይዝ ዝም ትላለች፣ ሌላ ሲገባ እንደገና ትጀምራለች። የትከሻዋ ድካም እንቅልፍ እንኳ የሚያመጣ ዓይነት አልነበረም። በሩ ጥግ ሁለት ሴቶች ንፍሮ እየቆረጠሙ ያንሾካሹካሉ።

«ልጅ እንኳ አልተወላት።»

«ጥንቸል ትቶላት የለ!» አለች ሁለተኛዋ፤ ሳቋንም በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

የከፋለ ታላቅ እህት ኣብረኸት ከጓሮ ገብታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ወይለይ ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ በዚህ ላይ ይሄን ልነግርሽ አልፈለግሁም። ያቺ ጥንቸል ልጆቿን ጥላቸዋለች። ሳጥኑ ውስጥ ድርሽ አትልም።»

«ልማዷ ነው» አለች ዘቢብ። ከፋለ ደጋግሞ ነግሯታል፦ ጥንቸል እንደ ዶሮ ልጆቿ ላይ አትተኛም፤ በቀን አንዴ ገብታ ለጥቂት ደቂቃ አጥብታ ትወጣለች። «ሆዳቸውን አየሽው?»

«ሆድ አላቸው እንዴ? እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማዷል። ትናንት ቤታቸውን እንኳ አጽድቼላቸው ነበር። ያንን ሽንት የነካው ድርቆሽ ጥዬ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፍኩላቸው።»

ዘቢብ የኣብረኸትን እጆች አየች። እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል። ትናንት ከቀብር መልስ ሴቶቹ ጓሮ በርሜል ጥደው ለሐዘን የሚለበሰውን ልብስ ሁሉ ጥቁር ቀለም ሲነክሩ ነበር። የቀለሙና የኮምጣጤው ሽታ ከዘቢብ ቀሚስም አልለቀቀም።

«በነዚህ እጆችሽ ነው የነካሻቸው?»

«በምን ልንካቸው ታዲያ?»

እሑድ ዕለት ከፋለ እጁን ያለ ሳሙና ሲታጠብ፣ ከዚያም በግራጫዋ ድርቆሽ ሲያሽ አይታው ነበር። አራቱን ወላጅ አልባዎች በፀጉሯ አሽቶ ነው ከልጆቿ መሐል የወሸቃቸው። ዘቢብ ፀጉሯን ቅባት ተቀብታ ስለነበር ሽታሽ ያስደነግጣታል ብሎ አባረራት። «ልጆቿን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው» አላት። «ለኔ እንዲህ ተጠንቅቀህ መጥተህ ታውቃለህ?» ብላ ነበር የቀለደችበት። አሁን ዘጠኙም ቀለም ቀለም ይሸታሉ፤ ዘጠኙም ለግራጫዋ ባዕድ ሆነዋል።

«ድርቆሹን የት ጣልሽው?»

«ከቆሻሻው ጋር በማዳበሪያ፣ የውጭ በር ጋ።»

ዘቢብ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

«ወዴት ነው? ቁጭ በይ እንጂ!» አሏት ከየማዕዘኑ።

ወደ ውጭው በር የሚወስደው መንገድ በድንኳኑ መሐል ነው። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች እጃቸው አየር ላይ ቀረ። በባዶ እግሯ አልፋቸው ማዳበሪያው አጠገብ ተንበረከከችና የሻይ ቅጠሉን፣ የንፍሮ ትራፊውን ወደ ጎን እየጠረገች ከሥር የግራጫዋን ፀጉር ቁንጥር ቁንጥር እያደረገች ትለቅም ጀመር።

«አእምሮዋን ነካት መሰለኝ» አለ አንዱ።

የከፋለ አባት አቦይ ሕሉፍ መጥተው ከበላይዋ ቆሙ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከተማው ተከቦ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ዘመን፣ ከፋለ ከሚሠራበት እርሻ የተረፉትን ሁለት ጥንቸሎች፣ የግራጫዋን እናትና አባት፣ ቤቱ አምጥቶ ከከተማው ዳር ከዓይናለም ሣር እያጨደ ያበላ ነበር። ሽማግሌው ያኔ «ሰው የሚቀምሰው አጥቶ አንተ ለማይበላ አውሬ ታጭዳለህ?» ብለውት፣ እሱም «ነገ እርሻው ሲከፈት ዘሩ ከየት ይመጣል፣ አባ?» ብሎ መልሶላቸው ተቀያየሙ። ከዚያ ወዲህ ደጁን የረገጡት ትናንት ለቀብሩ ነው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው እያየሽ ነው።»

«ይየኝ፣ አቦይ። ዛሬ ካልጠቡ ነገ ዘጠኙም የሉም። እሱ የጀመረው ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ማዳበሪያውን በሙሉ አንሥተው በድንኳኑ መሐል ተሸክመውት ወደ ጓሮ ሄዱ።

ዘቢብ ጨርቁን ከሳጥኑ አወጣች፣ ድርቆሹን መለሰች፣ እጇን በሽንታሙ ሣር አሸች፣ እያንዳንዱን ልጅ በፀጉሩ ጠቅልላ ጀርባውንና ሆዱን ጠረገችው። ቆዳቸው ቀዝቅዟል፤ ሲነኳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ግራጫዋ፣ ዘቢብ አንሥታ ሳጥኑ ውስጥ ስታስገባት፣ ልጆቹን አሸተተች፣ በኋላ እግሯ ወለሉን መታች፣ ልትዘልም ተነሣች።

«የሚይዛት ሰው እፈልጋለሁ» አለች ዘቢብ። «ኣብረኸት፣ አንቺ አትንኪያት፤ እጅሽ ይሸታል።» ሌሎቹ ሴቶች ወደኋላ አፈገፈጉ። ጥንቸል መብላት ቀርቶ መንካትም የሚያረክስ የሚመስላቸው ነበሩ።

አቦይ ሕሉፍ ጋቢያቸውን አወለቁ። «እንዴት ነው የሚያዘው ይሄ ነገር?»

«መጀመሪያ እጅዎን በድርቆሹ ይሹት። ከዚያ በጎኗ አቅፈው እነሱ ላይ ያቁሟት። አይጫኗት።»

«ይሄንኑ ሽንት ነው የማሸው?»

«እሱኑ፣ አቦይ።»

«ጉድ ነው መቼም» አሉና አሹት።

ግራጫዋ ታገለች። ሽማግሌው አልለቀቋትም፤ አልጨፈለቋትምም። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከሥሯ አንድ ዕውር ራስ ወደ ላይ ገፋ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሣሩም ተንኮሻኮሸ። ትንሽ የመምጠጥ ድምፅ ተሰማ። የጥንቸሏ ጆሮዎች ቀስ ብለው ጀርባዋ ላይ ተኙ።

«እሱም እንዲህ ነበር የሚይዛት?» አሉ አቦይ ሕሉፍ፣ ቀና ሳይሉ።

«አዎ።»

እንባቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ። ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ አልጠረጉትም። ዘቢብ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላቸው።

ግራጫዋ ጨርሳ ዘላ ወጣች። ዘቢብ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሣች ሆዳቸውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ የመጨረሻዋ፣ ትንሿ፣ ሆዷ እንደተጨማደደ ነው፤ አልሞቀችምም። በመዳፏ ውስጥ ጨብጣ ያዘቻት፣ አላስቀመጠቻትም።

ከዘጠኙ ስምንቱ ጠብተው ነበር።