ግማሽ ዘውድ

አፀደ አንበሳው ዘውድ መድፋቱን ያየችው ልጇ ካሣዬ የሠራውን፣ አንበሳ የተሳለበትን ትንሽ የቆርቆሮ ታንክ ይዞ ወደ ቀበሌ ከሄደ በኋላ ነበር። የልጇን የሥራ ጥግ ስትጠርግ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ቁራጭ አገኘች። ካሣዬ ቀለም የሞከረባት ናት። አረንጓዴ መደብ፣ በላዩ ጥፍር የምታህል ቢጫ አንበሳ፣ በአንበሳው ራስ ላይ ደግሞ ዘውድ። የዘውዱ አንድ ወገን ቀለም የያዘ አይመስልም፤ ሌላው ወገን ግን እንኳን ለካድሬ ለዕውርም ይታያል።

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ትናንት ታንኩን አንስታ፣ አገላብጣ፣ "እጅህ ይባረክ" ብላው ነበር። ሰንሰለቱ የብስክሌት ካቴና መሆኑን፣ አፈሙዙ የጃንጥላ ዘንግ መሆኑን፣ በየጎኑ የተደረደሩት ጎማዎች ከጥድ እንጨት መጠረባቸውን ስታደንቅ ዓይኗ ዘውዱን ዘሎታል።

ታንኩን ያዘዘው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገረሱ ነው። "አንተ ታንከኛ ነበርክ፤ ለአብዮት በዓል የኦጋዴኑን ታንክ ሥራልን" አለው። በልቡ ያሰበው በሰልፍ ላይ የሚያየውን አዲሱን የሶቪየት ታንክ ነበር። ካሣዬ ግን "ያኔ እኛ የነበርንበት አሜሪካ ሠራሹ ነው፤ ያልነዳሁትን አልሠራም" ብሎ ድርቅ አለ። ከጅጅጋ ከተመለሰ ወዲህ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ አፉም እምብዛም አይከፈትም። ክረምቱን ሙሉ የእውነተኛውን አንድ እርምጃ በሁለት ጣት እየለካ፣ የውሃ ጀሪካኑን፣ የተጣመመውን መከላከያ፣ ጎኑ ላይ የነበረችውን ጭረት ሳይቀር እያስታወሰ ሠራው። እናቱ ደስ ብሏት ነበር። የሚያስታውስ ሰው ይድናል ብላ።

አሁን ግን የታየቻት የታችኛው ሰፈር መምህር ሚስት ናት። መምህሩ የተወሰዱት ከመስታወት ጀርባ በተገኘ የንጉሡ ፎቶግራፍ ነው። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ስንቅ ትቋጥራለች፤ የሚቀበላት ግን የለም።

አፀደ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ የፀጉር ሽቦዋን በእጇ ጨብጣ የጳጉሜን ጭቃ እየረገጠች ወደ ቀበሌ ሮጠች።

በሩ ላይ ዘበኛው ሁሴኖ ካፖርቱን ደርቦ ቆሟል።

"እትዬ አፀደ፣ የልጅሽ ታንክ ከሰርዲን ጣሳ ነው አሉ፤ ታዲያ ስትተኩስ ዓሣ ነው የምታወጣው?"

"አቧራ ልጥረግለት ብዬ ነው የመጣሁት።"

"በዚህ ጭቃ አቧራ አገኘሽ? እድለኛ ነሽ፤ ግቢ።"

አዳራሹ ውስጥ ገረሱ መሰላል ላይ ቆሞ መፈክር ይሰቅላል። ታንኩ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ገና ማንም ልብ ብሎ አላየውም። አፀደ ጀርባዋን ለመሰላሉ ሰጥታ በነጠላዋ ጫፍ የምትወለውል መሰለች፤ በሌላው እጇ ዘውዱን በሽቦው ፋቀችው። ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ። አንበሳው ባዶ ራሱን ሲቀር ትንፋሿ ተመለሰ።

ቀና ስትል ካሣዬ ከፊቷ ቆሟል። ዓይኑ ሽቦው ላይ ነው።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ቀስ በል። ዘውድ ነበረው እኮ፤ ልታስበላን ነው?"

ፊቱ አመድ መሰለ። ታንኩን እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት ክንዱ አቅፎ ወደ በሩ ሄደ።

"ወዴት ነው?" አለ ገረሱ ከላይ።

"ስወለውል ቀለሙን ጫርኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለች አፀደ ቶሎ ብላ። "እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። አስተካክሎ ይመልሰዋል።"

"ሳይመሽ ይምጣ። ነገ የክፍለ ሀገሩ እንግዶች እዚህ ናቸው።"

እቤት ሲደርሱ ካሣዬ ታንኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳያያት ተናገረ።

"ይርሳውን ታስታውሺዋለሽ?"

"የሁሩታውን ልጅ፣ የታንክ ጓደኛህን? ሽሮ ሦስቴ ያስጨመረኝን? እንዴት እረሳዋለሁ። ነፍሱን ይማር፤ በጦርነት ላይ የወደቀ ጀግና።"

"ሲዋጋ አይደለም የወደቀው።"

አፀደ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

"የፖለቲካ ኃላፊው መጣና ታንካችንን አየ። አንበሳው ከድሮ የቀረ ነው፤ ዘውዱም እንዳለ ነበር። 'ይህን ነገር ነገ እንዳላየው' አለን። ይርሳው ካራ ይዞ ላይ ወጣ። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ሲፍቅ ከራሴ በላይ ይሰማኝ ነበር፤ እየፋቀ ደግሞ ያንጎራጉራል። ከዚያ የጠላት የመድፍ ጥይት አጠገባችን ወደቀ።" የማይሰማውን ጆሮውን ዳሰሰ። "እኔን ብረቱ አዳነኝ። እሱ ደጅ ነበር። ስወጣ ዘውዱ ግማሹ ተፍቋል፤ ግማሹ አለ።"

"እናቱ... ሲዋጋ ሞተ ነው የተባለችው።"

"አዎ። እኔ ነኝ ያልኳት።"

አፀደ ጣቶቿን አየች፤ በጥፍሮቿ ውስጥ ቢጫ ቀለም ገብቷል። ቀለሙ አልያዘም ብላ ያሰበችው ያ ወገን፣ ይርሳው ፍቆ የደረሰበት ነበር ለካ። የቀረውን ዛሬ ጠዋት እሷ ጨረሰችው። ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባ አልመጣም።

ካሣዬ ቀጭኑን ብሩሽ አነሳ። ተው ልትለው ነበር። መምህሩን፣ የሚስታቸውን ስንቅ ልትጠራለት ነበር። ነገር ግን እጁን አየችው፤ በየቀኑ ብርጭቆ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው እጅ ብሩሹን ይዞ ጸጥ ብሏል። ኩራዙን አምጥታ አጠገቡ አኖረችለት።

ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ሰፈሩን ሲሸፍን በሩ ተንኳኳ። አፀደ ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ሁሴኖ ነው።

"ጓድ ገረሱ ታንኩን ይዘህ ና ብሎኛል።"

አፀደ በሩን በትከሻዋ ያዘች። የሚመጣው ሁሉ በዓይኗ ሄደ፤ ጥያቄው፣ ፍተሻው፣ በር ላይ የምትቆም መኪና።

"ተሰብሯል" አለች። "ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። እኔ ነኝ የጣልኩት በልልኝ። ጠዋት ራሴ መጥቼ ለጓድ ሊቀመንበር እነግራለሁ።"

ሁሴኖ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ አየ። ታንኩ በኩራዙ ብርሃን ምንም ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ ካሣዬ ጎንበስ ብሎ በአንበሳው ራስ ላይ ግማሹን ዘውድ መልሶ ይስላል። ሁሴኖ ካፖርቱን ሰበሰበ።

"ክፉኛ ነው የተሰበረው?"

"ክፉኛ ነው፣ ሁሴኖ።"

"መጠገንም አይቻል?"

"አይቻልም።"

"እንግዲህ የተሰበረ ዕቃ ለእንግዳ አይቀርብም" አለ። ዞር አለና፣ "መስኮቱን መጋረጃ ጣይበት፤ መንገድ ላይ ሆኖ ይታያል" ብሎ ወደ ጉሙ ገባ።

አፀደ የእርምጃው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀች። መጋረጃውን ጎተተች። ከዚያ የበሩን መወርወሪያ እስከ መጨረሻው ገፍታ ቆለፈችው።